ረጅሙ የሌለባቸው ሳምንታት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሰማንያ ሁለት የተማሪ ሱሪ ቆረጥኩ። ጠመኔው ጣቴ ላይ ደርቆ አልለቅ ብሏል። ሌላ ምን አለ? ምንም። ልብስ ተኳሹ፣ ካውያው የምንለው፣ ዛሬም ጉራውን ሲነፋ ዋለ። ይሄ ሰውዬ ልብስ ብቻ አይደለም የሚተኩሰው፣ ሰውም ይተኩሳል።

"ስድሳ አራት ነጥብ! አንቺስ ስንት አመጣሽ?"

"አርባ አንድ።"

ሳቀ። በእንፋሎቱ መሃል ጥርሱ ብቻ ይታያል።

በስልክ ኳስ ተጫዋች እየመረጥን በነጥብ የምንፎካከርበት የስፌት ቤታችን የፋንታሲ ውድድር ውስጥ ሰባት ነን። እኔ አምስተኛ። የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈ ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የስፌት ቤቱን ሬዲዮ ይመርጣል። አምና ካውያው አሸንፎ አንድ የትዳር አማካሪ ስንሰማ ከረምን። ከሰባታችን ያገባ የለም!

የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን፣ ኦቨርሎኩ፣ ተበላሽቶ መካኒኩ መጣ። መካኒኩ… ማለቴ ወንድሜ። ከጠረጴዛዬ አራት እርምጃ ርቆ ተንበርክኮ ሁለት ሰዓት ሠራ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። መብራት ሲፈልግ ቁልፍ የምትተክለውን ጓደኛዬን፣ ቁልፌ የምንላትን፣ "መብራቱን ወደዚህ አዙሪው በያት" አላት። እሷም ወደ እኔ ዞራ "መብራቱን አዙሪለት" አለችኝ። አዞርኩ።

አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነን።

እሱም ውድድሩ ውስጥ አለ። ሦስተኛ ነው። ያናድዳል።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ። ኳስ ተጫዋቹ ረጅሙ ተጎዳ። ጭኑ ነው፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አይጫወትም ተብሏል።

ረጅሙ የእኔ አይደለም፣ እሱ አጥቂ ነው። የእኔ ዝምተኛው ነው። ከኋላው የሚጫወተው አማካይ፣ ግብ አግብቶ እንኳ የማይጮኸው። ግን ዝምተኛው ኳስ የሚያቀብለው ለማን ነው? ለረጅሙ! ረጅሙ ከሌለ ማን ያገባለታል? ማን ያገባልኛል?

ካውያው ሳይውል ሳያድር ዝምተኛውን ከቡድኑ ሸጠው። "አቀባይ ያለ ተቀባይ ምን ይሠራል?" አለ። ቁልፌም ሸጠችው። መካኒኩ አልሸጠም መሰለኝ… ምን አገባኝ።

እኔ እስከ ነገ ሰባት ሰዓት ጊዜ አለኝ። ልሽጠው? አልሽጠው? ጨርቅ ቢሆን ለክቼ እቆርጠው ነበር።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አልሸጥኩትም። አውቄ ሳይሆን እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

አሥራ ሦስት! አሥራ ሦስት ነጥብ! ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ ከማዕዘን ያሻማውን ተከላካያቸው በጭንቅላት አስቆጠረ፣ ከሜዳው ምርጥ ተብሎ ሦስት ተጨማሪ ነጥብ አገኘ። ዝምተኛዬ! ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

"ምን ሆንሽ?"

"አገባ!"

"ማን? ማንን?"

አስረዳኋት። የእውነት ተጫዋቾችን በስልክ እመርጣለሁ፣ እነሱ ሜዳ ላይ የሠሩት ለእኔ ነጥብ ይሆናል፣ ካፒቴን ያልኩት ደግሞ እጥፍ ይታሰብልኛል አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እሱ ላቡን ያፈሳል፣ አንቺ ትጮሂያለሽ" ብላ ተመለሰች።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ቆይ ግን… ለምን? ሁሉም ይወድቃል ያሉት ሰው ለምን ተነሳ?

በምሳ ሰዓት ለፓተርን፣ ለልብሱ ቅርጽ ልኬት፣ የምንጠቀምበትን ካርቶን ገልብጬ ጻፍኩ። አምናና ዘንድሮ ዝምተኛው የተጫወታቸውን ሁሉ፣ አርባ ስድስት ጨዋታ። በአንድ በኩል ረጅሙ ያለበት፣ በሌላ በኩል የሌለበት። ቁልፌ ዳቦዋን እያኘከች ከኋላዬ ቆማ "የማን እጅጌ ነው የምትለኪው?" አለች።

ረጅሙ ባለበት ሠላሳ ሰባት ጨዋታ፦ በአማካይ አምስት ነጥብ እንኳ አይሞላም።

ረጅሙ በሌለበት ዘጠኝ ጨዋታ፦ ከስምንት በላይ!

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ያው ነው። ረጅሙ ካለ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው ረጅሙ ነው። ከሌለ ዝምተኛው። ቅጣት ምቱም የእሱ፣ ማዕዘኑም የእሱ። ሁሉ ነገር በእሱ እግር ያልፋል።

ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ካርቶኑን አጥፌ ከጨርቁ ጥቅል ሥር ደበቅኩት። ልቤ እንደ ስፌት ማሽን ይመታል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ካፒቴን አደረግኩት። ሁለት አገባ። አሥራ አምስት፣ እጥፉ ሠላሳ።

ሠላሳ!!! በቃ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ሁለተኛ ነኝ። ካውያው ዛሬ ዝም ብሎ ተኮሰ። አንድ የነርስ ጋዋን አንገቱን አቃጠለ። እትዬ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ "ምን ነካህ?" ስትለው ወደ እኔ አየ። ደስታዬ ወደር የለውም።

ግን ሌላ ነገር አለ።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ መልእክት ገባ። ከእሱ። ከወንድሜ። ስሙን ስልኬ ላይ ካየሁ ሁለት ዓመት።

"ረጅሙ በሌለበት ዝምተኛውን ካፒቴን ያደረግሽው ከምን ተነስተሽ ነው?"

በቃ ይሄው ነው። ሰላም የለ፣ እንደምን አለሽ የለ። ሁለት ዓመት ተኮራርፈን የመጀመሪያ ቃላችን ስለ ኳስ?

መውረጃዬን አለፍኩ። ስመለስ በእግሬ እየሄድኩ ጻፍኩለት።

"ፍጹም ቅጣት ምት።"

እሱም፦ "እ…"

ተናድጄ ነበር ልበል? አልተናደድኩም። ሳቅኩ። መንገድ ላይ፣ ብቻዬን።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ። እጥፉ አሥራ ስምንት። ጨዋታው እየተካሄደ ይጽፍልኛል። "ሁለት ሰው ነው የሚይዘው።" "አሁን ወደ ግራ ሄደ፣ አየሽው?" እኔም እጽፋለሁ። ስለ ኳስ ብቻ ነው። ስለ ሌላ ምንም።

እናቴ "ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?" አለች።

"ከሥራ ሰው ጋር።"

ውሸት አይደለም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ካውያው ዝምተኛውን መልሶ ገዛው! "ካርቶንሽን አይቼዋለሁ" አለ ሳያፍር። ከጨርቁ ሥር ማን አውጥቶ አሳየው? ቁልፌ ፊቷን አዞረች። እቺ ከሃዲ!

ግድ የለም። ሁላችንም ካገኘን እኩል እናገኛለን። አንደኛውን ለመያዝ አሥራ ሁለት ነጥብ ነው የሚቀረኝ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሁለት።

ሁለት ነጥብ ብቻ። ኳስ እንኳ አልነካም። ረጅሙ የለም፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው እሱ ነው፣ ሁሉም እንደ ቁጥሬ ነበር… ታዲያ ምን ሆነ?

ወንድሜ ጻፈ፦ "ሯጩ አልተሰለፈም። አላየሽም?"

ሯጩ የዝምተኛው ቡድን የግራ መስመር ተከላካይ ነው። በነጥብ የማልቆጥረው ሰው። ትላንት በልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ታጥፎ ሦስት ሳምንት ይቀራል ተብሏል። ታዲያ ተከላካይ ቢቀር ዝምተኛውን ምን ያገባዋል?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

በሻይ ሰዓት ወንድሜ ረጅም ነገር ጻፈልኝ። ሯጩ በግራ በኩል ሲሮጥ አንዱን ተከላካይ ይዞት ይሄዳል፣ ዝምተኛው መተንፈሻ የሚያገኘው ያኔ ነው፣ ሯጩ ከሌለ ግን ሁለቱም እሱ ላይ ይሰፍራሉ አለ። ቁጥር ሳይሆን ጨዋታውን እዪ አለኝ። ልክ ነው። እያነበብኩ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከዚያ ይሄን ጨመረ፦

"ሰው ሲቀር ሥራው አብሮት አይቀርም። ማን ላይ እንደሚወድቅ ነው ማየት ያለብሽ።"

ጆሮዬ ጋለ። ሳላስብ ጻፍኩ፦

"ማን ላይ እንደሚወድቅ አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ?"

አነበበው። መልስ የለም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አሁንም የለም።

ለራሴ ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

አባቴ ሰባት ወር ተኛ። ያገላበጥኩት እኔ። ያጠብኩት እኔ። ጠዋት አጉርሼው ሥራ እሄዳለሁ፣ በምሳ ሰዓት እሮጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እናቴ አቅም የላትም። ወንድሜ ያኔ ሩቅ ከተማ፣ አዲስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይተክል ነበር። "በሚቀጥለው ወር" ይላል። አባቴ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። ሰባት ወር።

የመጣው ለቀብር ነው። ከቤተሰቡ ወንዶች ጋር ከፊት ሊቀመጥ ሲል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ እንግዳ ነህ፣ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥ" አልኩት።

ሄዶ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ቃል አልመለሰም።

ዛሬ ብሆን እለው ነበር? አላውቅም… እለው ይሆናል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

በእልህ ዝምተኛውን ካፒቴን አደረግኩት። ሯጩ እንደሌለ እያወቅኩ። ማንን ነው ያናደድኩት? ራሴን።

ቢጫ ካርድ አይቶ አንድ ነጥብ። እጥፉ ሁለት። ካውያው እሱም ተናዶ እንደገና ሸጠው። አራተኛ ወረድኩ።

ለማን ልንገር? ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው…

አራት ሰዓት ላይ የመቁረጫ ማሽኔ ጮኸና ቀጥ አለ። አርባ ድርብ ጨርቅ መሃል ላይ። እትዬ ደወለችለት። መጣ። ማሽኑን ከጠረጴዛው ጫፍ ማንሳት ስለማይቻል ከሥር ባትሪ የሚይዝለት ሰው አስፈለገ። ቁልፌን ፈለግኩ፣ የለችም። አውቃ ነው የጠፋችው።

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሁለታችንም በጉልበታችን። ባትሪውን ያዝኩለት። ፍርፋሪ ጨርቅ ፀጉራችን ላይ ይወርዳል።

ብሎን እየፈታ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ሥራ ስለነበረኝ አይደለም" አለ።

"ምኑ?"

"ያኔ የቀረሁት። ሥራው በሁለተኛው ወር አልቋል። ፈርቼ ነው። አባዬን ተኝቶ ማየት ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ፣ መናኸሪያ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አራት ጊዜ።"

ባትሪውን ወደ ብሎኑ አስጠጋሁለት።

"ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥ ስትይኝ ልክ ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው።

"እኔም ደክሞኝ ነበር" አልኩት። "ከአራተኛው ወር በኋላ አንዳንዴ ቢያልፍስ ብዬ አስቤያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።"

ያኔ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ቅባት በቅባት ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ በቅርብ አየሁት… ሽበት አውጥቷል።

"አንቺ ብቻሽን ነበርሽ" አለኝ። "ብቻሽን የሆንሽው በእኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

አለቀስኩ። ጠረጴዛ ሥር፣ ባትሪ ይዤ። እሱም አለቀሰና በቅባታም እጁ ዓይኑን ጠርጎ የባሰ ሆነ። ከላይ የካውያው ድምፅ መጣ፦ "ማሽኑ ሞተ እንዴ? ለምንድነው የምታለቅሱት?"

እዚያው ሳቅን። እንዲህ አድርጌ ስቄ አላውቅም።

ማሽኑ ይሠራል። ካርቶኔ ላይ የቀረና ያልቀረ የቆጠርኩበት ሠንጠረዥ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ጋሽዬ ቤት መጣ!

ልጅ ሆኜ ጋሽዬ ነበር የምለው። ዛሬ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

እናቴ በሩን ከፍታ ቆመች። እሱም ቆመ። "እማዬ…" አለ። "ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ነው የወለወልኩት" አለችው። ከዚያ አንገቱን ይዛ አልለቅ አለች።

ሻይ ጠጣን። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን መሬት ላይ ካርቶን ዘርግተን ተቀመጥን። እኔ ቁጥሩን፣ እሱ ጨዋታውን፣ እናቴ እርሳስ መቅረጹን። የዝምተኛውን አርባ ስድስት ጨዋታ፣ ዘንድሮ የጨመረውንም፣ እንደገና ከፋፈልነው። ረጅሙ የሌለበት ሯጩ ያለበት፦ ዘጠኝ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሯጩ የሌለበት፦ ረጅሙ ኖረም አልኖረም ሁለት፣ ሦስት።

"አየሽ" አለ ጋሽዬ፣ "ረጅሙ ሲቀር ሥራ ይጨምርለታል። ሯጩ ሲቀር ግን የሚደግፈው ሰው ነው የቀረው። ሁለቱም መቅረት ነው፣ ግን አንድ አይደለም።"

እኔ ሰው ቀረ፣ ሰው ቀረ እያልኩ ስቆጥር፣ የቀረው ሰው ምን ይሠራ እንደነበር አልጠየቅኩም ነበር። ሁለታችንም ትላንት ዝምተኛውን ተጠባባቂ አድርገነው ነበር። ሦስት ነጥብ ነው ያመጣው። ትክክል ነበርን!

እናቴ ካርቶኑን ተመልክታ "ይሄ ልጅ እናት የለችውም?" አለች። "ትንሽ ይረፍ አይሉትም?"

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሯጩ ተመለሰ! ልምምድ ሠርቷል! ረጅሙ ግን ገና ነው!

እኛ የጠበቅነው ሳምንት ይሄ ነው። ሁለታችንም ዝምተኛውን ካፒቴን አደረግነው። ለካውያው አልነገርንም። ቁልፌ ምሳ ልጋብዝሽ አለች፣ ምስጢር ፈልጋ። ምሳውን በላሁ፣ ምስጢሩን አልሰጠሁም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አሥራ ስምንት!!! እጥፉ ሠላሳ ስድስት!!!

ሁለት ግብ፣ አንድ አቀብሎ፣ ሦስት ተጨማሪ። ሁለተኛው ግብ… ሯጩ በግራ ሮጠ፣ ተከላካዩን ይዞት ሄደ፣ ዝምተኛው ብቻውን ቀረ፣ ቀና አለ፣ መታ። ጋሽዬ ኳሷ ሳትገባ በፊት ነው የተነሳው። "አየሽው! አየሽው! አላልኩሽም?" የሻይ ብርጭቆ ተሰበረ። እናቴ አልተቆጣችም። እናቴ ብርጭቆ ተሰብሮ ያልተቆጣችበት ቀን!

ሁለተኛ ነኝ። ጋሽዬ ሦስተኛ። ካውያው በሃያ ነጥብ ይመራል። ሁለት ሳምንት ቀረ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ረጅሙ መጨረሻ ላይ ተቀይሮ ገባ። ዝምተኛው ሰባት። ካውያው አሁን የሚመራኝ በአሥራ አራት ብቻ ነው።

እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች ዋለች። ደረጃ መውጣት አቃታት። ሰኞ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። እንግዲህ ግማሽ ቀን ፈቃድ ልጠይቅ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለአንድ ወር እየመጣች ጉልበቷን ታንቀሳቅስ ብሏል። ሁለት ግማሽ ቀን በየሳምንቱ… እትዬ ፊቷ ጠቆረ ግን እሺ አለች።

ወደ ዋናው ጉዳይ! ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። ረጅሙ ከመጀመሪያው ይሰለፋል። ሯጩም አለ። ሁሉም አሉ። ሠንጠረዤ የሚለው ግልጽ ነው፦ ሁሉም ካሉ ዝምተኛው አምስት እንኳ አይሞላም። ሌላ ካፒቴን ምረጪ ይላል። ካውያው ረጅሙን ካፒቴን አድርጓል፣ እየፎከረ ነው።

ለጋሽዬ ደወልኩ።

"ሠንጠረዥሽ ያላየው ነገር አለ" አለኝ። "ሰባት ሳምንት ሁሉን ለብቻው ሲሠራ የከረመ ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲመለሱለት ምን እንደሚሆን። እንዲህ ያለ ጨዋታ ካርቶኑ ላይ አንድም የለም።"

"እና ምን ይሆናል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ባለፈው ሳምንት ረጅሙ ሲገባ ፊቱን አይተሻል? ዝምተኛው ሳቀ።"

ቁጥር ወይስ ሳቅ? እኔ ቆራጭ ነኝ፣ ለክቼ እንጂ በሳቅ ቆርጬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ካልተነበበ ለዚያ ነው።

ከሥራ ወጥተን ሁላችንም ስፌት ቤቱ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ነው፣ ወንበር የለም፣ ጋሽዬ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ሰጠኝ። ካፒቴን ማንን እንዳደረግኩ ለማንም አልነገርኩም። ለእሱም።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ፦ ዝምተኛው ለረጅሙ አሾለከለት። ገባ! ካውያው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። "ረጅሜ! ረጅሜ!" የሻይ ቤቱ ባለቤት አወረደው።

ሠላሳ አራተኛው፦ ፍጹም ቅጣት ምት ለእኛ። ዝምተኛው ኳሱን አንስቶ… ለረጅሙ ሰጠው። በእጁ! "ለምን ትሰጠዋለህ!" ብዬ ጮህኩ። ረጅሙ መታ። ሰማይ ላይ! አግዳሚውን አልፎ! ካውያው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል፣ የካፒቴን ደግሞ እጥፍ ነው።

ከእረፍት በኋላ፦ ዝምተኛው ለሯጩ። ሯጩ አገባ! ጋሽዬ ሯጩን ገዝቶት ኖሯል፣ እኔን ተሸክሞ ዞረ።

ሰባ ስምንተኛው፦ እንደገና ዝምተኛው፣ ለተቀያሪው። ገባ!

ራሱ አንድም አላገባም። ሦስት አቀበለ። ሦስት! አሥራ አራት ነጥብ።

ቁልፌ ስልኬን ከእጄ ነጠቀች። ከዝምተኛው ስም አጠገብ የካፒቴን ምልክት።

"ሃያ ስምንት!" ብላ ጮኸች። "ሃያ ስምንት አላት! ካውያው የረጅሙ ስምንት ብቻ!"

ደመርን። ሁለት ጊዜ ደመርን። ካውያው ራሱ ደመረ። በአምስት ነጥብ አለፍኩት። አንደኛ! አንደኛ ነኝ!

ካውያው መጥቶ እጄን ጨበጠ። "ካርቶንሽ ነው ያሸነፈኝ" አለ።

"ካርቶኑ አትምረጪው ነበር ያለኝ።"

"ታዲያ ማን አለሽ?"

ጋሽዬን አየሁት። የተሰበሰበውን የሻይ ብርጭቆ ለባለቤቱ እያቀበለ ነው። የምንለውን አልሰማም።

"ወንድሜ" አልኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሬዲዮው የእኔ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ጣቢያ ስቀያይር ዋልኩ፣ እትዬ "አንዱ ላይ ተረጋጊ!" እስክትል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ሰጠሁ። ካውያው ዓርብን ወሰደ። የትዳር አማካሪው ዓርብ ነው የሚቀርበው። እንዲህ ነው እንጂ ይሉኝታ ቢስነት።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ጋሽዬ ምሳ ሰዓት መጣ። መልኩ ልክ አልነበረም። ሩቅ ከተማ ያለው ፋብሪካ ማሽን እንዲተክልለት ጠርቶታል። ሃያ ቀን።

እንደገና? ጨርቁን አጣጠፍኩ።

"እሺ አላልኩም" አለ። "የእማዬ ሕክምና ካለቀ በኋላ እመጣለሁ አልኳቸው፣ ተስማምተዋል። እስከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ልውሰዳት። ዓርብ አንቺ።"

"እኔ እችላለሁ እኮ።"

"እንደምትችዪማ አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል።"

ሌላ ነገር ልለው ፈልጌ "እሺ" ብቻ አልኩ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ጋሽዬ በሁለት ሰዓት መጣ። ከእትዬ የወሰድኩትን የግማሽ ቀን ፈቃድ ልመልስ ነው ስለው "አትመልሺ፣ ተኚበት" አለኝ። እናቴ የደህና ቀን ቀሚሷን ለብሳ ተዘጋጅታለች። ሕክምና የምትሄድ ሳይሆን ሰርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እጁን ይዛ ደረጃውን ወረደች። "ቀስ በይ እማዬ" ይላል። "አንተ ቀስ በል፣ እኔ ደረጃውን አውቀዋለሁ" ትላለች። ድምፃቸው እስኪጠፋ መስኮት ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ምን ላድርግ? ዕቃ አጠብኩ፣ ታጥቦ ነበር። አልጋ አነጠፍኩ፣ ተነጥፎ ነበር። ጠረጴዛ ወለወልኩ። ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። "የእማዬ የግፊት መድኃኒት ስሙ ማን ነበር? ነርሷ ጠየቀችኝ።" ነገርኩት። "ጠዋት ነው ማታ የምትወስደው?" ጠዋት። "በባዶ ሆዷ?" አይደለም። "በቃ፣ ያዝኩት። ዝጊው፣ ተኚ።"

ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ለአምስት ደቂቃ ብዬ።

ስነቃ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቤቱ ጭር ብሏል። ደንግጬ ተነሳሁ፣ እናቴ የት ሄደች? ጫማዬን አንስቼ በሩ ድረስ ሮጥኩ።

እዚያ ስደርስ ትዝ አለኝ። ጫማዬን አስቀመጥኩ።

እናቴ ከልጇ ጋር ናት።

ተመልሼ ተኛሁ።